የሞተር ሳይክል ካንዴላ አመራረጥ፤ ለመስክ ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

የመስክ ሙከራን የሚከታተል ሠራተኛ ሞተር ሳይክሉ መንገድ ላይ ሲቆምበት የሚያጣው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። የስንዴ ዋግ የሚመዘገብበት ወይም የበቀለው ቡቃያ የሚቆጠርበት ጊዜ ካለፈ የዚያ ማሳ የዓመት መረጃ ይጎድላል። ለሞተሩ መቆራረጥና መቆም ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ካንዴላ ነው። ብዙ ጊዜ ታዲያ ካንዴላው አርጅቶ ሳይሆን ለሞተሩ የማይስማማ ሆኖ ይገኛል። ሻጩ «ይኸኛው ጉልበት ይጨምራል» ብሎ የሰጠውን፣ ጥርሱ እስከገባ ድረስ፣ አስሮ መሄድ የተለመደ ነው።

ካንዴላ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተሩ ያለውን ጉልበት ሳይቆራርጥ እንዲሰጥ ግን ያደርጋል። ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የካንዴላው የሙቀት ቁጥር ነው።

የሙቀት ቁጥር

ካንዴላ ብልጭታ ከመስጠቱ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው። ይኸውም በነጩ ሸክላ ጫፍ ላይ የሚሰበሰበውን ሙቀት በብረት አካሉ በኩል ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ነው። የሸክላው ጫፍ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ በላዩ የሚያርፈው ጥቀርሻ አይቃጠልም፤ ጥቀርሻው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብልጭታው በክፍተቱ መካከል መዝለሉን ትቶ በሸክላው ላይ ሾልኮ ይጠፋል። ሞተሩም ይቆራርጣል፣ ያስላል፣ በመጨረሻም አልነሣም ይላል። ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲወጣ ደግሞ የካንዴላው ጫፍ እንደ ፍም ሆኖ ብልጭታው ከመድረሱ በፊት ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ነዳዱ ከላይ ይጫነዋል። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ስለሆነ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራው ፒስቶን በዚህ ዓይነት ሙቀት አናቱ ሊበሳ ይችላል።

የሸክላው አፍንጫ ረዥም ከሆነ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይህ ሞቃት ካንዴላ ይባላል። አፍንጫው አጭር ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፤ ይህም ቀዝቃዛ ካንዴላ ይባላል። ስያሜው ከብልጭታው ጥንካሬ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ፈጣንና ጉልበተኛ ሞተር ብዙ ሙቀት ስለሚፈጥር ቀዝቃዛ ካንዴላ ይፈልጋል፤ ዝግተኛ ሞተር ደግሞ ሞቃት ይፈልጋል። ለእሽቅድምድም የተሠራ እጅግ ቀዝቃዛ ካንዴላ በመስክ ሞተር ሳይክል ላይ ቢታሰር የሚጠቅመው ነገር የለም። ከማሳ ማሳ፣ በሬና አህያ እየተቀደመ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚሄድ ሞተር እንዲህ ያለውን ካንዴላ አሙቆ ጥቀርሻውን ለማቃጠል አይችልም። በተለይ እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉ ባለሁለት ምት፣ ዘይትና ቤንዚን አብረው በሚያቃጥሉ ሞተሮች ላይ ካንዴላው በዘይት ቶሎ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቁጥሩ በሁሉም ፋብሪካ ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በኤንጂኬና በዴንሶ ካንዴላዎች ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። በቦሽና በሻምፒዮን ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይሞቃል። የኤንጂኬ 6 ቁጥር በዴንሶ 20፣ በቦሽ 7፣ በሻምፒዮን 9 ቁጥር አካባቢ ይውላል። ስለዚህ ከቦሽ 7 አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ለማግኘት 8 ቁጥር የገዛ ሰው ያገኘው ሞቃቱን ነው። ፋብሪካ በሚለወጥበት ጊዜ የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ሳያዩ በቁጥር ብቻ መግዛት አይገባም።

በኤንጂኬ ካንዴላዎች አንድ ደረጃ ሲለወጥ የሸክላው ጫፍ ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ይለወጣል። ለምሳሌ በሆንዳ ጂኤክስ 160 የውኃ ፓምፕ ላይ የሚታሰረውን ቢፒአር6ኢኤስ እንውሰድ። ቢ የጥርሱን ስፋት 14 ሚ.ሜ.፣ ፒ አፍንጫው ወደ ውጭ የወጣ መሆኑን፣ አር በውስጡ የኤሌክትሪክ መከላከያ ያለው መሆኑን፣ 6 የሙቀት ቁጥሩን፣ ኢ የጥርሱን ርዝመት 19 ሚ.ሜ. ያመለክታል። ይህ ካንዴላ ቢ8ኢኤስ በሚጠይቅ ሞተር ሳይክል ላይ ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ ስፋቱም ርዝመቱም አንድ ነውና። አደጋውም ያለው በመግባቱ ላይ ነው። ሁለት ደረጃ ስለሚሞቅ በሜዳ ላይ ጋዙ ለረዥም ጊዜ ሲሰጥ ፒስቶኑን ለጉዳት ያጋልጣል። ከፓምፕ ላይ ካንዴላ ፈትቶ ሞተር ሳይክል ላይ አስሮ መሄድ መፍትሔ መስሎ ቢታይም ዋጋው ከባድ ነው።

ደጋና ቆላ

ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ አየር ተለክቶ ከተሠራ፣ በደጋ ለሚገባው ቀጭን አየር ቤንዚን ያበዛል። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ የሚያጨስ ጭስ ማውጫና ዳገት ላይ የሚለግም ሞተር ነው።

የዚህ ጊዜ ብዙ አሽከርካሪዎች አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ሞቃት ካንዴላ ያስራሉ። ጥቀርሻው ይቀንሳል፣ ሞተሩም ለስለስ ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን የተነካው ምልክቱ እንጂ መንስኤው አይደለም። ቅጠሉ የገረጣ በቆሎ ያየ ባለሙያ ናይትሮጂን አንሶት ይሁን ውኃ ተኝቶበት ሥሩን ሳይመረምር ማዳበሪያ አይበትንም፤ ካንዴላም እንዲሁ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ጄት የምትባል ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ጄት መለወጥ ነው። ከዚያም በፊት የአየር ማጣሪያው በአቧራ መታፈን አለመታፈኑ መታየት አለበት፤ የታፈነ ማጣሪያም እንዲሁ ካንዴላ ያጠቁራል።

ሞቃት ካንዴላ ያሰረው ሠራተኛ ለሥራ ወደ መልካሳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ወረር ሲወርድ ነገሩ ይለወጣል። መልካሳ 1550 ሜትር፣ ወረር 750 ሜትር ገደማ ናቸው። በወረር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህል ይደርሳል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቀኑ ይሞቃል፣ ጋዙ ያለ ፋታ ይሰጣል። በደጋ የተጠቀመበት ሞቃት ካንዴላ እዚህ ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። በጠባብ ጄት ላይ ሞቃት ካንዴላ ከተጨመረበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ነዳድ ይበልጥ ይሞቃልና። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ የሚመላለስ ሞተር ሳይክል ካንዴላው ሁልጊዜ ፋብሪካው ያዘዘው ቁጥር መሆን አለበት፤ ለቆላ ረዥም ቆይታም የቀድሞው ጄት መመለስ አለበት። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሰጡት አዳዲስ ሞተሮች ከፍታውን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህ አያስፈልጋቸውም፤ በእነሱ ላይ ግን አር የሚል ምልክት የሌለው ካንዴላ ማሰር የኤሌክትሮኒክ መሣሪያውን ሊያውክ ይችላል።

ርዝመትና ክፍተት

የጥርሱ ርዝመት በአብዛኛው 12.7 ወይም 19 ሚ.ሜ. ነው። ረዥሙ በአጭሩ ቦታ ከታሰረ ፒስቶኑ ሊመታው ይችላል፤ ባይመታውም ወደ ውስጥ በወጣው ጥርስ ላይ ጥቀርሻ ስለሚጋገር ሲፈታ የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አድርጎ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የክፍተቱ ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ ይገኛል። በብዙ ትንንሽ የሆንዳ ሞተሮች ላይ ለሚታሰረው ዲ8ኢኤ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚ.ሜ.፣ ለፓምፑ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚ.ሜ. ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ጠዋት በብርድ ለመነሣት ያስቸግራል፣ በጉልበት ጊዜም ይቆራርጣል። ማስተካከያው ፊለር ጌጅ በሚባለው የስስ ብረት መለኪያ ነው፤ የሚታጠፈው የጎኑ ኤሌክትሮድ ብቻ ነው፣ መካከለኛው ፈጽሞ አይነካም።

ኢሪዲየም የሚባሉት ካንዴላዎች መካከለኛ ኤሌክትሮዳቸው 0.6 ሚ.ሜ. ያህል ቀጭን ነው፤ የተለመደው 2.5 ሚ.ሜ. ነው። ቀጭን ጫፍ በአነስተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ ስለሚሰጥ በሚኒሞ ላይ ያለው አካሄድ ይሻሻላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ካርቡራተሩ ባልተስተካከለ ሞተር ላይ ኢሪዲየም ማሰር በእኔ አስተያየት ገንዘብ መጣል ነው፤ ጥቀርሻ ውድና ርካሽ አይለይም። አስመስለው የተሠሩም በገበያ ስለሚገኙ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም ሮንዴላው ገና በእጅ ሲነካ ወልቆ የሚወድቅ ካንዴላ አለመግዛት ይመረጣል።

ካንዴላውን ማንበብ

ከሚኒሞ ላይ የተፈታ ካንዴላ ትክክለኛውን ነገር አይናገርም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን በደንብ ሰጥቶ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን በአንድ ጊዜ ማጥፋትና መቆም ያስፈልጋል። ካንዴላው የሚፈታው ቴስታታው ከበረደ በኋላ ነው፤ በትኩሱ ሲፈታ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይላጫል። ከመፍታት በፊት በዙሪያው ያለው አቧራ ተጠርጎ ወይም በአፍ ተነፍቶ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ሸክላው ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደኅና ነው። እርሳስ በሌለበት ቤንዚን ከነጭ እምብዛም ላይለይ ስለሚችል በዚህ መደንገጥ አያሻም። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ የቤንዚን መብዛት ነው፤ እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር የዘይት ነው። ሸክላው እንደ ኖራ ነጥቶ ትንንሽ የብረት ጠብታዎች ወይም ፊኛ መሰል እብጠት ከታየበት ግን ጉዞው መቆም አለበት፤ ጠብታው ከፒስቶኑ የቀለጠ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል።

መልሶ ለማሰር መጀመሪያ በእጅ እስከ መጨረሻው ማዞር ነው፤ በእጅ እንቢ ካለ ጥርሱ ተሳስቷልና ፈትቶ እንደገና መጀመር ይገባል። ከዚያ በቁልፍ፣ ሮንዴላው አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ ቀድሞ የታሰረ ከሆነ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ይበቃል። ትክክለኛው ቁጥር ያለው አንድ መጠባበቂያ ካንዴላ ክፍተቱ ተለክቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከቁልፉ ጋር በመቀመጫው ሥር ይቀመጥ።