የተለጠጠ ምስል

ጥያቄ፦ አዲስ ሰፊ ቴሌቪዥን ገዝተን ከዲሹ ሪሲቨር ጋር አገናኘነው። የድሮ ድራማ ስናይ ግን ሰዉ ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆነብን። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የድሮ ድራማዎች በአብዛኛው የተቀረጹት 4 ለ 3 በሆነ መጠን ነው፤ የእርስዎ ስክሪን ግን 16 ለ 9 ነው። ጠባቡ ምስል ዳር እስከ ዳር ሲለጠጥ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል፣ ቁመቱ ግን ባለበት ይቀራል። ፊት የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው ሪሲቨሩ ላይ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ሜኑ ውስጥ ገብተው «አስፔክት ሬሾ» የሚለውን 16:9 ላይ ያድርጉት፤ «ፒላርቦክስ» የሚል ምርጫ ካለም እሱን ይያዙ። ቀጥሎ በቴሌቪዥኑ ሪሞት የምስሉን መጠን እንዲሁ 16:9 ያድርጉ። «ዙም» ላይ ከተውት የሰው አናትና ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ይቆረጣል።

ድራማው ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ፊት ለፊት ሲታይ ልብ ይበሉ፤ ድፍን ክብ ከሆነ ተስተካክሏል። ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ ይመጣል፤ እባክዎ ይተዉት፣ ተዋናዩን በትክክለኛ መልኩ የሚያሳይዎ እሱ ነው።

አንዳንዴ ጣቢያው ራሱ ለጥጦ ያስተላልፋል። ያኔ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ቴሌቪዥኑን 4:3 ላይ ያድርጉት።