የምድር ትከሻ

 

ከጁሙዓ ሰላት በኋላ የብዙዎቻችን ውሎ ተመሳሳይ ነው። ምሳ እንበላለን፣ ጋደም እንላለን፣ ስልካችንን እንከፍታለን። መግሪብ እስኪደርስ የሌላ አገር ተራራና የባሕር ዳርቻ በጣታችን ስናንሸራትት እንቆያለን። ቢቸና ወይም ሞጣ ያለ ወጣት ግን በአንድ በኩል ጮቄ፣ በሌላ በኩል የአባይ ሸለቆ አለለት። ስንቶቻችን ነን ወጥተን ያየነው?

በሱረቱል ጁሙዓ አንቀጽ 10 አላህ (ሱ.ወ) ሰላቱ ሲያበቃ በምድር ላይ እንድንበተን፣ ከችሮታው እንድንፈልግ፣ እሱንም በብዛት እንድናወሳ ይነግረናል። ዑለማዎች ይህን በዋናነት ለሥራና ለንግድ የተሰጠ ፈቃድ አድርገው ያብራሩታል። መውጣትና ዚክር ጎን ለጎን መምጣታቸውን ግን ልብ በሉ። ሙስሊም ከመስጂድ ሲወጣ አላህን መስጂድ ውስጥ ትቶ አይወጣም።

ዛሬ ሁለት የዐረብኛ ቃላት እንማር። ሁለቱም በሱረቱል ሙልክ አንቀጽ 15 ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያው «ዘሉል» ነው። የተገራ፣ እሺ ብሎ የሚጫን እንስሳ የሚጠራበት ቃል ነው። ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው የተገራ በቅሎና ያልተገራ በቅሎ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። አላህ ምድርን ለኛ የተገራች አደረጋት። ሁለተኛው ቃል «መናኪብ» ነው። ነጠላው «መንኪብ» ሲሆን ትከሻ ማለት ነው። በምድር ትከሻዎች ላይ እንድንሄድ ተፈቀደልን። ከሙፈሲሮች ገሚሶቹ ተራሮቿ ማለት ነው ብለዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ጎኖቿና መንገዶቿ ብለውታል።

እስቲ አስቡት። በቅሎ የቱንም ያህል ብትገራ ትከሻዋ ላይ ቆሞ የሚሄድባትን ሰው ዝም አትልም። ምድር ግን ትከሻዋን ሰጠችን። የዛሬው ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ በእግር ስትጓዙ የምትረግጡት የተሸከማችሁን ትከሻ ነው፤ አረማመዳችሁም እንደዚያው ይሁን።

ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለእረፍት መጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጮቄ ወጣን። ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ፣ ፎቶ እያነሳሁ ወጣሁ፣ ፎቶ እያነሳሁ ወረድኩ። ማታ እናቴ «ምን አየህ ልጄ?» ስትለኝ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ያየሁትን ለመናገር ስልኬን መጠየቅ ነበረብኝ! አስቡት፤ በሱረቱል ጋሺያ ከአንቀጽ 17 እስከ 20 አላህ ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን አይመለከቱምን ብሎ የሚጠይቀውን በመድረሳ በቃሌ ይዤው ነበር።

ጮቄ ምን ይታያል? ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያው ተነስተው ወደ አባይ ይወርዳሉ። ቢቸናና ሞጣ የምንጠጣውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ሱዳንና ግብፅ ያለ ገበሬ የሚያጠጣውን ማሳ አስቡ። ከላይ ጓሳው፣ አስታውና ጅባራው አለ። ጅባራ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይደርቃል። ለፎቶ ብሎ የጅባራ አበባ የሚሰብር ልጅ የብዙ ዓመት ጥበቃን ነው የሚቆርጠው። አስታውን ለማገዶ፣ ሜዳውን ለእርሻ እየጨረስነው ስንሄድ ደግሞ አፈሩን ዝናብ ያወርደዋል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ሞጣ ላይ ሆናችሁ ጮቄን ከኋላችሁ ብታደርጉ በግምት ወደ ሰሜን ትዞራላችሁ። ከአካባቢያችን ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ባትሪ ቢጨርስም የት እንደምትዞሩ ተራራው ይነግራችኋል።

ከሞጣ ወደ አባይ ለሚወርድ ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ክፍሉ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ዛሬ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል። ያንን ገመድ አስቡት። የተንጠለጠለው ሰው ነፍስ ከማዶ ገመዱን በያዘው ሰው እጅ ናት። በዚያ ሰዓት «አንተ የማን ወገን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ተቃጠሉ። ያን ዕለት የብዙዎቻችን ልብ አብሮ ተቃጠለ። በመላ አገሪቱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድርጊቱን አወገዘ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ወጣት በገዛ ከተማው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ በቁጣ ደረቱን ነፍቶ። ቁርኣን ሁለቱንም አላስተማረንም። ሱረቱል ፉርቃን አንቀጽ 63 የረሕማን ባሮችን ሲገልጽ መጀመሪያ የጠቀሰው አረማመዳቸውን ነው፦ በምድር ላይ በእርጋታ ይሄዳሉ፣ መሃይም ክፉ ሲናገራቸውም በሰላም ያልፉታል። ሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 37 ደግሞ በኩራት የሚሄደው ሰው ምድርን እንደማይሰነጥቅ፣ ተራራንም በቁመት እንደማይደርስ ይነግረዋል። ስለዚህ ውጡ፣ ሂዱ። አገራችሁ ናት። ያገኛችሁትን ገበሬ፣ እረኛና ውሃ የምትቀዳ እናት በትሕትና ሰላም በሉ።

ለመውጣት ያሰባችሁ እነዚህን ያዙ፦

1. መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን ቤተሰብና የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ነፍስን ወደ አደጋ መጣል ተከልክሏል። ሰላም ካልሆነ ከቤታችሁ ጀርባ ያለው ጉብታ ይበቃል።

2. ብቻችሁን አትሂዱ። እህቶች ከቤተሰባችሁ ጋር ውጡ።

3. ዳገት ስትወጡ «አላሁ አክበር»፣ ቁልቁለት ስትወርዱ «ሱብሓነላህ» በሉ። ሰሓቦች እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል።

4. ሰላትን በሰዓቱ ስገዱ። ምድር ሁሉ መስገጃ ተደርጋልናለች። ግን ለአጭር የእግር ጉዞ ሰላት አይታጠርም፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች የጉዞውን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያደርሱታል።

5. በሰው መንገድና በጥላ ሥር አትጸዳዱ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። የውሃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው፤ እኛው የጣልነውንማ እንዴት አናነሳም?

6. ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 190 እና 191 አላህ ያወደሳቸው ባለ አእምሮዎች ቆመውም ተቀምጠውም ተጋድመውም እሱን የሚያወሱ፣ በሰማያትና በምድር አፈጣጠር ላይም የሚያስተነትኑ ናቸው።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ትንሽ ነው። ከዐስር በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ በእግራችሁ ውጡ። ስትመለሱ እናታችሁ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ብትላችሁ ስልክ ሳትከፍቱ የምትነግሯት አንድ ነገር ይኑራችሁ።

አላህ አይተው ከሚያስተነትኑት፣ በምድሩም ላይ በእርጋታ ከሚሄዱት ባሮቹ ያድርገን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ መንገዶቻችንንም ያለ ፍርሃት የምንሄድባቸው ያድርግልን። አሚን።