ስለ ቤት ክዳን ሙያ

ሰው ሁሉ ከጣሪያ በታች ይኖራል፤ ስለ ጣሪያ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው፤ እርሱም የሚያስበው ውሃ በራሱ ላይ ሲንጠባጠብበት ነው። እኔ የቤት ከዳኝ ልጅ ነኝ። ገና አንደኛ ደረጃ ሳለሁ የአባቴን ሥራ ተጠይቄ «ከዳኝ» ብዬ ብመልስ፣ ልጆቹ «ማን ከዳህ?» እያሉ ሲሥቁብኝ ከረሙ። አባቴ በሶደሬና በአካባቢዋ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አዳማና እስከ ደራ እየሄደ ቤት ይከድናል። ባለፈው ግንቦት እኔው ራሴ በሠራሁት የሒሳብ ስሕተት ቤተ ሰባችን ዕዳ ውስጥ ስለ ገባ፣ ነገሩን ከነትምህርቱ ለመጻፍ አሰብሁ።

አስቀድሞ በአገራችን አብዛኛው ቤት የሚከደነው በሣር ነበር። ምሰሶው ይቆማል፤ ወጋግራው ከዙሪያው ተነሥቶ ከምሰሶው ጫፍ ይገናኛል፤ ማገሩ ይታሰራል፤ ሣሩም ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይወጣል። ይህ ሥራ በደቦ የሚሠራ ስለ ነበረ ባለቤቱ ጎረቤቶቹን አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም ነበር። ክዳን በገንዘብ የሚያድር ሙያ የሆነው በተለይ ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ ነው። የቆርቆሮን ሞገድ እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ላይ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ብረቱ እንዳይዝግ በዚንክ የመለበጡን ዘዴ ደግሞ በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል አስመዘገበ። ሞገዱ ለውበት የተደረገ አይደለም። አንድ ወረቀት በሁለት መጽሐፎች መካከል ብታጋድሙት ይጎብጣል፤ እንደ ማራገቢያ እያጠፋችሁ ብታጋድሙት ግን እርሳስ ይሸከማል። ወደ እኛ አገርም የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ ከጅቡቲ ማምጣት ቀለለ፤ ሐዲዱም የሚያልፈው በዚሁ በእኛ አዳማ በኩል ነበር።

አሁን ይህን ሙያ ከሌሎቹ ጋር እናስተያየው። ግንበኛ ሥራውን የሚጀምረው ባለቤቱ ገንዘብ ሳያጥረው ነው። ከዳኝ ግን የሚጠራው መሠረቱ፣ ግድግዳውና እንጨቱ ገንዘቡን ከበሉት በኋላ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ግንበኛ ድንጋይ ቢያጣምም ልስኑ ይሸፍንለታል፤ የከዳኝን ጥፋት ግን የመጀመሪያው ዝናብ ያወጣበታል። ግንበኛ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሒሳብ ስለሚሠራ ሥራው ቢዘገይም አይከስርም፤ ከዳኝ በቁርጥ ስለሚዋዋል ፈጥኖ ከጨረሰ ይጠቀማል፤ ከተሳሳተም ከኪሱ ይከፍላል። ሌላም ልብ ያላልነው ነገር አለ፤ አዳማ ወደ ላይ ስታድግ ለግንበኛው፣ ለብረት አሳሪውና ለለሳኙ እያንዳንዱ ፎቅ አዲስ ሥራ ሲሆንላቸው፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃም ቢሆን ያለው ጣሪያ አንድ ብቻ ነው። እንዲያውም ጣሪያው ኮንክሪት ከሆነ ለከዳኙ ምንም አይተርፈውም። በዚህ ላይ ደግሞ ብረት በያጁ የባሕር ዛፉን እንጨት በብረት ተክቶ ከአናጢው ጋር መሻማት ጀምሯል። ለከዳኝ የሚቀረው አንድ መጽናኛ ዝገት ነው። የድንጋይ ግድግዳ ሠሪውን ይቀብራል፤ ቆርቆሮ ግን በጊዜው ያረጃልና፣ በየዓመቱ በሚያዝያና በግንቦት ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን ሊያስጠግን የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ሥራው ራሱ ከሩቅ ለሚያየው ሚስማር መምታት ብቻ ይመስላል። ሚስማሩ የሚመታው ግን በሞገዱ እብጠት ላይ እንጂ በጎድጓዳው አይደለም፤ ውሃ የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና። የታችኛው ረድፍ አስቀድሞ ይነጠፋል፤ የላይኛውም በእርሱ ላይ ይደረባል። ጎን ለጎን ሲደረብ ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ዳር ይጀመራል፤ አለዚያ ነፋሱ ከመደራረቢያው ሥር ገብቶ ቆርቆሮውን ይገልጠዋል። አባቴ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በወጣትነቱ የከደነው አንድ ጣሪያ በሌሊት ማሳ ውስጥ ተጥሎ ካገኘው በኋላ ነው።

የሶደሬ ሙቀትም ለብቻው ጠላት ነው። ፍል ውሃ ሊታጠብ የሚመጣው እንግዳ ሙቀቱን ይወደዋል፤ በቆርቆሮ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። እነ አባቴ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እስከ 4 ሰዓት ይሠሩና ይወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል። ብረት አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከርዝመቱ ላይ ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይረዝማል። እንግዲህ 2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ከሌሊት እስከ ቀትር 40 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ማታ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የሚስማሩን ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ ቤቱም ማፍሰስ ይጀምራል። በሶደሬ ደግሞ ከዚህ ሌላ በጣሪያ ላይ የሚዘሉ ጦጣዎች አሉ፤ እነርሱን በሒሳብ ማስገባት አልቻልሁም።

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። አንዲት የሠፈራችን እናት የሚያከራዩአቸውን ክፍሎች ሊያስከድኑ ፈልገው ከአባቴ ጋር ከነዕቃው በቁርጥ ሊዋዋሉ ተስማሙ። ቤቱ 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። አባቴ «አንተ ተምረሃልና ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃ አስላልኝ» አለኝ። እኔም በየዳሩ ለክፈፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨምሬ 9 በ7 አደረግሁና 63 ካሬ ሜትር አገኘሁ። ቆርቆሮው 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ነው። 63ን ለ1.8 ባካፍል ልክ 35 መጣልኝ። ምንም ቀሪ ስላልነበረው ደስ አለኝ። አባቴ ወረቀቱን አይቶ «ልጄ፣ አላነሰም?» ቢለኝ «አባባ፣ ሒሳብ አይሳሳትም» አልሁት። እርሱም በዚያው ዋጋ ተዋዋለ።

ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። የለካሁት መሬቱን ነበር እንጂ ጣሪያውን አልነበረም። ጣሪያው በሁለት ወገን የሚፈስ ሲሆን መካከሉ 1.2 ሜትር ከፍ ይላል። የአንዱ ወገን አግድም 3.5 ሜትር ነው። በክፍል ውስጥ በተማርነው በፓይታጎራስ ሕግ 3.5 በራሱ 12.25፣ 1.2 በራሱ 1.44፣ ድምሩ 13.69 ይሆናል፤ ሥሩም 3.7 ሜትር ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ሁለት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ቢደራረቡ 3.8 ሜትር ይሆኑና 10 ሳንቲ ሜትሩ ከክፈፉ አልፎ ውሃውን ያርቃል። ጎን ለጎን ሲደረብ ደግሞ ከ90 ሳንቲ ሜትሩ የሚቀረው 75 ብቻ ስለ ነበረ፣ ለ9 ሜትር 12 ቆርቆሮ ይፈጃል። ለአንድ ወገን 24፣ ለሁለቱ 48 ሆነ ማለት ነው። እኔ 35 ብዬ ነበር፤ የጎደለው 13 ነው። ይህን ያወቅነው ሁለተኛው ወገን ሳይሞላ ቆርቆሮው ባለቀ ጊዜ፣ ሰማዩም በጠቆረ ጊዜ ነበር።

በኋላ መምህራችን እንዳስረዱን 63 ካሬ ሜትሩ ከንቱ ቁጥር አልነበረም። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ጣሪያ የሚቀበለው የውሃ ልክ የሚታወቀው በመሬቱ ስፋት ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሊትር፣ በጠቅላላው 1260 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ከስድስት በላይ ይሞላል። ለአሸንዳና ለበርሜል እውነተኛ የሆነው ቁጥር ለቆርቆሮ ሐሰት ነበር።

አባቴ ከእኒያ እናት ጭማሪ አልጠየቀም። «ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለና 13ቱን ቆርቆሮ በዱቤ አመጣ። የእጁ ዋጋ በሙሉ ለዚያ ሄደ። እርሱም አልበቃ ብሎ ዝናቡ እንዳይቀድማቸው ሲጣደፉ አንዱ ረዳቱ ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በመንደራችን ግን ከዳኞች ወገባቸውን በገመድ ሲያስሩ አይቼ አላውቅም። ግንበኛ ቢወድቅ የሚወድቀው ከገነባው ልክ ነው፤ ከዳኝ ግን ሁልጊዜ የሚሠራው ከቤቱ አናት ላይ ነው። እናቴ በዚያ ሰሞን ለእኔ ምንም አልተናገረችም፤ እኔም መናገሯን ብመርጥ ደስ ባለኝ።

ዕዳው በጥቅምት ተከፍሎ አለቀ፤ የረዳቱም ክንድ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አባቴም ከቀሪው ገንዘብ ሁለት ወፍራም ገመድ ገዝቷል። አሁን በደራ በኩል በአራቱም ወገን የሚፈስ ጣሪያ ያለው ቤት ተገኝቷል። ይህኛው በየማዕዘኑ ቆርቆሮው ስለሚቆረጥ ከፊተኛው የከበደ ሒሳብ ነው። ቅዳሜ ዕለት አባቴ ሜትሩን አውጥቶ ሰጠኝና «በዚህ ጊዜ መሰላሉን ወጥተህ ለካ» አለኝ።