ከጣና ዳር ዓሣ ለማጥመድ፤ የመንጠቆ፣ የክርና የዘንግ አመራረጥ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ እርሻው ፋታ በሚሰጥበት ጊዜ ከዳር ቆሞ በመንጠቆ ዓሣ ቢያጠምድ ለቤተ ሰቡ ጥሩ ምግብ ያገኛል፤ የተረፈውንም ሸጦ ለጨውና ለሳሙና የሚሆን ገንዘብ ይይዛል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ይህን ሥራ ሲጀምሩ ቀድመው የሚገዙት በሱቅ ተሰቅሎ የሚያብረቀርቀውን ዘንግና ማጠንጠኛ ነው። ገንዘባቸው በዚያ ካለቀ በኋላ በቀረችው ሳንቲም ደካማ ክርና የማይስማማ መንጠቆ ይገዛሉ። ዓሣው ግን የሚጎርሰው መንጠቆውን እንጂ ዘንጉን አይደለም። ስለዚህ ውድ ዘንግ ይዘው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ያወጡትም ገንዘብ ከዘር ወይም ከማዳበሪያ መግዣ የተቀነሰ ስለ ሆነ ጉዳቱ ለቤት ይተርፋል።

በዚህ ትምህርት የምንገልጸው ደንብ አንድ ነው። ይኸውም ዕቃ ሲመረጥ ከዓሣው አፍ ተነሥቶ ወደ ሰው እጅ መምጣት ነው። መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ መንጠቆውን፣ ከዚያ ክሩን፣ ከዚያም ዘንጉን ወስኑ። ማጠንጠኛው የመጨረሻ ይሁን።

1ኛ. ዓሣውን ማወቅ

በጣና ለገበያ የሚውሉት ዋና ዋናዎቹ ዓሦች ሦስት ናቸው፤ ቆረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ።

ቆረሶ አፉ ትንሽ ነው። ይበልጡን የሚመገበው በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ሆኖም ትልና ሊጥ ቢያገኝ ይወስዳል። ሣር ባለበትና ጥልቀት በሌለው ዳር መዋል ይወዳል።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አፉ ሰፊ ነው፤ በአፉ ዙሪያም ረዣዥም ጢሞች አሉት። ከውሃው ወለል ላይ እየዳሰሰ ሥጋ፣ ትንኝና ትንንሽ ዓሣ ይበላል። ይበልጡን የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ስለ ሆነ በምሽት ይያዛል።

ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዐይነት ብቻ አይደለም። በጣና ከ15 የማያንሱ ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዐይነቶች እንዳሉ የዓሣ ሊቃውንት ለይተዋል፤ ከነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። በመንገጭላቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ክር አይቈርጡም፤ ግን ሲያዙ በብርቱ ይጎትታሉ።

2ኛ. መንጠቆ

በመንጠቆ ቁጥር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ1 በላይ ያሉት ቁጥሮች ከፍ ባሉ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥር 10 ከቁጥር 6 ያነሰ ነው። ከ1 የሚበልጡት ትልልቆቹ ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባሉ ይጻፋሉ፤ በነዚህ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ይጨምራል።

ለቆረሶ ከቁጥር 10 እስከ ቁጥር 6፣ ለነጭ ዓሣ ከቁጥር 4 እስከ 1/0፣ ለአምባዛ ደግሞ ከ1/0 እስከ 4/0 ያለው ይስማማል። የቆረሶ አፍ ትልቁን መንጠቆ አይችለውም፤ ምግቡን ነጭቶ ይሄዳል። አምባዛም ትንሹን መንጠቆ ያቃናዋል።

መንጠቆ ስትገዙ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ ጎተት አድርጉት። ጥፍሩን ከያዘ ስለታም ነው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል። የደነዘዘውን በጥሩ ሞረድ መሳል ይቻላል። የዛገውን ግን ጣሉት፤ ሲጣልም ሰውም ከብትም በማይረግጠው ቦታ ይቀበር።

3ኛ. ክር

የናይሎን ክር ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው በኪሎ ተጽፎ ይሸጣል። 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኪሎ፣ 0.40 የሆነው ከ10 ኪሎ በላይ ይችላል። ለቆረሶ 0.25 ይበቃል፤ ለነጭ ዓሣ 0.30 ወይም 0.35፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50 ምረጡ። ከሚገባው በላይ የወፈረ ክር በጠራ ውሃ ውስጥ ዓሣን ያስደነግጣል፤ ከትንሽ መንጠቆ ጋርም አይስማማም።

ናይሎንን ሁለት ነገሮች ያዳክሙታል። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ክሩን በጥላ አስቀምጡት። ሁለተኛው ቋጠሮ ነው። መልካሙ ቋጠሮ እንዲህ ይታሰራል። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዐይን አሳልፉ፤ በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምጥሙት፤ ጫፉን መልሳችሁ ከዐይኑ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ አግቡ፤ ቀጥሎም በኋላ በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት ውስጥ አሳልፉት። ከማጥበቃችሁ በፊት በውሃ አርጥቡት፤ በደረቁ የተጎተተ ናይሎን በፍትጊያ ግሎ ይደክማልና። ከዚያ በዝግታ ጎትቱ። በየጊዜው ከመንጠቆው በላይ ያለውን አንድ ክንድ ክር በጣታችሁ ዳስሱ፤ ከሻከረ ያን ያህል ቈርጣችሁ እንደ ገና እሰሩ።

4ኛ. ዘንግ

ዘንግ ለሐይቅ ዳር ሰው የረዘመ ክንድ ማለት ነው። ዋና ጥቅሙም እግርን ከውሃ ማውጣት ነው። በጣና ዳርቻ የብልሃርዝያ በሽታ አለ። የበሽታው ጀርም ከትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ የሰውን ቈዳ በስቶም ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በምትበረታበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ክር የሚወረውር ሰው ዓሣ ሲፈልግ በሽታ ይዞ ሊመለስ ይችላል። 4 ሜትር ዘንግ ያለው ግን በደረቅ መሬት ወይም በዐለት ላይ ቆሞ ሣሩን ተሻግሮ ይጥላል።

ይህን ዘንግ ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። የበሰለ ቀርከሃ ይበቃል። ለጋውን ተዉት፤ 3 ዓመት ገደማ የሆነውንና ቅርፉ የጠነከረውን ከክረምት በኋላ በበጋ ቊረጡ፤ በበጋ የተቈረጠውን ነቀዝ ብዙም አያጠቃውም። ከዚያ በጥላ ሥር አቁማችሁ ወይም ሰቅላችሁ ለጥቂት ሳምንታት አድርቁት። በፀሐይ የደረቀ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ጫፉን በእጃችሁ ጎንበስ አድርጉት፤ ተጣጥፎ ሳይሰበር ተመልሶ ቀጥ ካለ መልካም ዘንግ ነው።

ክሩን በዘንጉ ጫፍ ላይ ብቻ አትሰሩት። ከእጀታው ጀምራችሁ በየአንጓው እየጠመጠማችሁ እስከ ጫፉ አምጡትና በዚያ አጥብቁ። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ክሩ ከእጃችሁ አይወጣም። ከጫፉ የሚወርደው ክር ከዘንጉ ርዝመት ጋር እኩል ይሁን።

5ኛ. ማጠንጠኛ

ማጠንጠኛ የሚያስፈልገው ዓሣው ዘንግ ከሚደርስበት ርቆ ሲውል ነው። ገንዘብ ለሌለው ሰው ግን ባዶ ጣሳ ያገለግላል። ዙሪያው ስለት የሌለውን ጣሳ ምረጡ፤ ክሩን ከታሰረበት ጀምራችሁ አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት። በአንድ እጅ የጣሳውን አፍ ወደ ውሃው አቅንታችሁ በሌላው እጅ ማስጠሚያውን አወዛውዛችሁ ብትወረውሩ ክሩ በራሱ እየተፈታ ይሄዳል።

የፋብሪካ ማጠንጠኛ መግዛት የሚገባው ከዓሣ ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ እንጂ በብድር አይደለም። ከገዛችሁም ሁለት ነገር ጠብቁ። ክሩ ከመጠምጠሚያው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል ይሙላ፤ ከጎደለ ሩቅ አይሄድም፤ ከበዛም ይተበተባል። መግቻውን ደግሞ ክሩ ከሚችለው ክብደት በሩብ ወይም በሲሶ ሲጎተት እንዲለቅ አድርጉት። 10 ኪሎ የሚችል ክር ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ሲጎተት መልቀቅ ይጀምር፤ ያለዚያ ትልቅ ዓሣ ክሩን ይበጥሳል።

6ኛ. ተንሳፋፊ፣ ማስጠሚያና ምግብ

ለተንሳፋፊ የጠርሙስ ቡሽ ወይም የደረቀ ደንገል ይሆናል። ለማስጠሚያ አሮጌ የብሎን ዳዶ ይበቃል። እርሳስ የምትጠቀሙ ከሆነ በጥርሳችሁ አትንከሱት፤ መርዝ ነውና፤ ከነካችሁትም በኋላ ሳትታጠቡ እህል አትብሉ።

ለቆረሶ የመሬት ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ በተንሳፋፊ ሥር አንጠልጥሉ። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም የዓሣ ቁራጭ በማስጠሚያ ከወለሉ አድርሱ። የሚያብረቀርቅ የብረት ማታለያ የሚያገለግለው ዓሣ ለሚበሉት ለነጭ ዓሣ ዐይነቶች ነው፤ እሱም በማጠንጠኛ እየተጎተተ ካልተንቀሳቀሰ ከንቱ ነው። ቆረሶን በማታለያ መጠበቅ ግን ጊዜ ማጥፋት ነው። ማታለያው ውድ ስለ ሆነ ሣርና እምቦጭ በሞላበት ዳር አትጣሉት፤ እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ከታየ ወዲህ በተስፋፋባቸው ዳርቻዎች ክርና መንጠቆ ያስቀራል።

7ኛ. ለነገ መተው

መንጠቆ ከሌላው ማጥመጃ የሚሻልበት ዋና ምክንያት መርጦ ስለሚይዝና የተያዘውም ቶሎ ከተለቀቀ በሕይወት ሊኖር ስለሚችል ነው። የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በውሃ ላይ ቢበተን ግን ትልቁንም ጫጩቱንም በአንድነት ይፈጃል። በጣና በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማጥመድ የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነጭ ዓሣ እጅግ ቀንሷል። ከጉዳቱ ምክንያቶች አንዱ ይህ ዓሣ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ሲወጣ በወንዞቹ አፍ መረብ ስለሚጠብቀው ነው። በዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ።

ቆረሶም እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አፏ የሞላ ቆረሶ ብትይዙ ወዲያው ልቀቁ። ስንዝር ያልሞላውንም መልሱ፤ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት እንጂ በደረቅ እጅ አትሹት። አምባዛን ስትይዙ ደግሞ በጎንና በጎኑ ካለው ሹል አጥንት ተጠንቀቁ። ጉማሬ በሚወጣበት ዳር አመሻሽ ላይ አትቁሙ። የተበጠሰ ክር ሰብስባችሁ ወደ ቤት ውሰዱ፤ ከብት ከሣር ጋር ቢውጠው ይታመማል፤ የወፍም እግር ያስራል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በቀበሌያችሁ ዳርቻ ስለ ፈቃድና ስለሚከለከሉ ቦታዎች ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ሥራ ጀምሩ።

ማጠቃለያ

ለመጀመሪያው ወር የሚያስፈልጋችሁ 10 መንጠቆ፣ አንድ ጥቅል ክር፣ ከጓሮ የተቈረጠ ቀርከሃ፣ አንድ ቡሽና ሁለት ዳዶ ነው። ከዚህ የሚበልጠውን ሐይቁ ራሱ ከከፈላችሁ በኋላ ግዙ።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ከቁጥር 10 እና ከቁጥር 6 መንጠቆ የትኛው ይበልጣል? ከ1/0 እና ከ3/0ስ?
2. የናይሎን ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት ለምን ይርጠባል?
3. ረዥም ዘንግ ከብልሃርዝያ የሚጠብቀን እንዴት ነው?
4. እናንተ በምትኖሩበት ዳርቻ የሚበዛው የትኛው ዓሣ ነው? ለእሱ የሚስማማውን መንጠቆ፣ ክርና ምግብ ጻፉ።