የሕፃን ልቅሶና የወላጆች መልስ



አዲስ ልጅ በተወለደበት ቤት ከእልልታው ቀጥሎ የሚሰማው የሕፃኑ ልቅሶ ነው። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ያለቅሳል። እናቲቱ ልታነሣው እጅዋን ስትዘረጋ ከቤተ ዘመድ አንዱ «ተዪው፤ እቅፍ ከለመደ አይለቅሽም» ይላል። አያቲቱ ደግሞ «አራስ ልጅ እያለቀሰ እንቅልፍ አለ እንዴ!» ብለው ይቆጣሉ። አባት በሁለቱ መካከል ዝም ይላል። ይህ ክርክር በቤት ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ በዚህ ጽሑፍ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ወላጆች ለልጃቸው ጥምቀት በሚዘጋጁበት ወቅት «ልጅን መቅጣት በመጽሐፍ የታዘዘ ነው፤ ታዲያ ከመቼ እንጀምር?» የሚል የሃይማኖት ጥያቄ መልክ ይዞ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ይደርሳል። መምህሩም የሚሰጠው መልስ በአንዲት ደካማ አራስና በአንድ ጨቅላ ላይ በቀጥታ ይወድቃልና ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

የሰዓቱ ሕግ ከወዴት መጣ?

ሕፃንን በተወሰነ ሰዓት ብቻ ማጥባት፣ ሌሊት ጡት መከልከልና ሲያለቅስ አለማንሣት ከጥንት የወረስነው ክርስቲያናዊ ሥርዓት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ሕጉን በሰፊው ያስፋፉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች ናቸው። በአሜሪካ ዶክተር ሉተር ኤመት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ለእናቶችና ለሞግዚቶች ባሳተሙት መጽሐፍ የሰዓት ሥርዓትን አስተማሩ። በኒውዚላንድ ደግሞ ዶክተር ፍሬድሪክ ትሩቢ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1907 የእናቶችና የሕፃናት ማኅበር አቋቁመው በየአራት ሰዓቱ ማጥባትን፣ ሌሊት አለማጥባትንና ብዙ አለማቀፍን ደነገጉ፤ ትምህርታቸውም እስከ እንግሊዝ አገር ተሰማ።

እነዚህን ሰዎች በጭካኔ መክሰስ ትክክል አይሆንም። በዚያ ዘመን በታላላቅ ከተሞች በቆሸሸ የላም ወተት ምክንያት ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞቹም ከመጠን በላይ መመገብ ሆድን ያበላሻል ብለው ያምኑ ነበር። ትሩቢ ኪንግ ራሳቸው የእናት ጡት ወተትን አጥብቀው የሚያበረታቱ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የሰዓቱ ሕግ ከፍርሃት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ሲያልፍ ሕጉ ቀረ፤ እንዲያውም የጠባይ ማረቂያ ተደርጎ ተቈጠረ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት መጽሐፍ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ፣ ጠዋት ሲገናኙም እጃቸውን ጨብጠው ሰላም እንዲሉአቸው መከሩ። ልጅዋን በጠዋት ጨብጣ «እንደምን አደርህ» የምትል እናት ለእኛ አገር ሰው ሣቅ ታመጣለች፤ መጽሐፉ ግን በዘመኑ በብዛት ተነብቦአል።

ወላጆችስ ምን አሉ? ብዙዎች ታዘዙ፤ ልባቸው ግን አልታዘዘም። የዚያ ዘመን እናቶች በእርጅናቸው ሲናገሩ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ከበር ውጭ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ያለቅሱ እንደነበር የተናገሩ አሉ። በስውር ያጠቡና ለነርሷ ሳይነግሩ የቀሩም ነበሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ እናቶች ከሚያስቡት በላይ እንደሚያውቁ የሚገልጽ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ብዙ ወላጆች ከቀንበር እንደተፈቱ ያህል ተቀበሉት።

ከእኛ አገር የማይርቀው ምስክርነት ደግሞ ከኡጋንዳ የመጣ ነው። ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች የ26 እናቶችን ቤት እየደጋገሙ ጎብኝተው እናቶችና ሕፃናት አብረው ሲኖሩ ተመለከቱ። ያስተዋሉት ቀላል ግን ታላቅ ነገር ነው። ስለ ልጃቸው ጠባይ በዝርዝር መናገር የሚችሉ፣ ማለትም ልጃቸውን በትኩረት የሚያስተውሉ እናቶች ልጆች፣ ብዙም የማያለቅሱና እናታቸው ባለችበት በድፍረት እየዳሁ ዓለምን የሚመረምሩ ሆነው ተገኙ። ቆየት ብሎም ኤንስዎርዝ ከባልደረባቸው ጋር በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልቅሶአቸው ቶሎ መልስ ያገኘ ሕፃናት ወደ ዓመታቸው መጨረሻ ያነሰ እንደሚያለቅሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ጻፉ። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ ውጤት ላይ ተከራክረዋል፤ ዛሬ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እናቶች በቀንም በሌሊትም ሕፃኑ በፈለገ ጊዜ ሁሉ እንዲያጠቡና እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ሌላ እንዳይሰጡ ይመክራል።

ክርክሩ ሃይማኖት ሲለብስ

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሁለት ተቃራኒ መጻሕፍት ታተሙ። ዶክተር ዊልያም ሲርስና ባለቤታቸው ማርታ ሕፃንን ማቀፍን፣ ማዘልንና በፈለገ ጊዜ ማጥባትን አስተማሩ። ጌሪ ኤዞ ከአንድ ሐኪም ጋር ያሳተሙት «ቤቢዋይዝ» የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ሕፃኑ በወላጆች ሥርዓት እንዲመራ አጥብቆ አሳሰበ። ጌሪ ኤዞና ባለቤታቸው ቀደም ሲል በፕሮቴስታንት ማኅበረሰቦች ዘንድ የወላጆች ትምህርት ይሰጡ ስለነበር የሰዓቱ ሕግ አሁን በእግዚአብሔር ስም መጣ።

የወላጆቹ መልስ ተከፈለ። ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛ ልጅ በማግኘታቸው አምላክን ያመሰገኑ ብዙዎች ናቸው፤ ምስጋናቸውም ሐሰት አይደለም። ሌሎች ግን ወተታቸው ደረቀ፤ ልጃቸው ክብደት አልጨመረም፤ ጥፋቱንም በሕጉ ላይ ሳይሆን በራሳቸው አለመታዘዝ ላይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ወላጆች በራሳቸው በሚያወጡት የሰዓት ሥርዓት መመገብ ሕፃኑን ለክብደት ማነስና ለሰውነት ውኃ መድረቅ ሊያጋልጥ እንደሚችል አስጠነቀቀ። መጽሐፉም በኋላ እትሞቹ ለሕፃኑ የረኃብ ምልክት የተሻለ ቦታ ሰጥቶአል። የወተቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ጡት የሚያመነጨው ወተት በሚጠባው መጠን ይወሰናል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሆርሞን ደግሞ በሌሊት ማጥባት ጊዜ ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ ራሱን እያዞረ ጡት ሲፈልግ ጠይቆአል ማለት ነው፤ ልቅሶው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ከዚህ ወገን በወጣ አንድ የቀድሞ መማሪያ ላይ፣ አብ ልጁ በመስቀል ላይ ሲጮኽ ጣልቃ አለመግባቱ ለወላጆች አብነት ሆኖ ቀርቦ ነበር። ይህን ሐሳብ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሚገባ እንዲመረምሩት እንወዳለን፤ ብዙ ወላጆችን ያስጨነቀ ነውና። ጌታችን በመስቀል ላይ ያሰማው ጩኸት የመዝሙር 21 (22) መጀመሪያ ነው። ያን መዝሙር እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። በመካከሉ የሚጮኸው ሰው በእናቱ ጡት ሳለ በእግዚአብሔር መታመንን እንደተማረ ይናገራል፤ ወደ መጨረሻውም እግዚአብሔር ፊቱን ከችግረኛው እንዳልሰወረ፣ ሲጮኽም እንደሰማው ይመሰክራል። እንግዲህ ጥቅሱ ለዝምታ ማስረጃ አይሆንም፤ ሕፃን እምነትን የሚማረው ከጡት ላይ ነው ለሚሉት እንጂ።

በትር ስለሚያነሣው የምሳሌ መጽሐፍስ (13፥24) ምን እንበል? ያ መጽሐፍ «ልጄ ሆይ» እያለ የሚያነጋግረው ምክርን የሚሰማ፣ ትእዛዝን የሚያስታውስ፣ መምረጥም የሚችል ልጅን ነው። የሦስት ሳምንት ጨቅላ ከእነዚህ አንዱንም አይችልም። ቤተ ክርስቲያን የአዳም ኃጢአት ወደ እኛ በልደት እንደሚተላለፍ ታስተምራለች፤ ነገር ግን የግል ኃጢአት ዕውቀትና ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ደግሞ ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ በራሱ እንደማያዝዝ ይቈጥረዋል። ሕፃን ሲያለቅስ እያመፀ ነው የሚል አባት፣ ቤተ ክርስቲያን ያልፈረደችውን እርሱ ፈረደ።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናትን በጥንቃቄ ተመልክቶአቸዋል። የጡት ወንድሙን በቅናት ዓይን የሚያይ ሕፃን እንዳየ ስለጻፈ፣ የጥብቅ ሥርዓት ወዳጆች ምስክር ሊያደርጉት ይወዳሉ። ነገር ግን በዚያው ስፍራ ሰዎች ይህን በትዕግሥት እንደሚያልፉት፣ ከዕድሜ ጋር እንደሚጠፋ ስለሚያውቁም እንደሆነ ይጨምራል። ከዚያ በፊትም የእናቱንና የሞግዚቶቹን ጡት በወተት የሞላው እግዚአብሔር መሆኑን እያመሰገነ ጽፎአል። ነቢዩ ኢሳይያስም (49፥15) የእግዚአብሔርን አለመርሳት ለማስረዳት የመረጠው አጥቢ እናትን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 2 ራሱን አስቀድሞ ልጆችዋን እንደምትንከባከብ እናት፣ ጥቂት ቁጥሮች ቆይቶም እንደሚመክርና እንደሚገሥጽ አባት ያቀርባል። ተግሣጽ ስፍራ አለው፤ የሚመጣው ግን በሁለተኛ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1995 ስለ ጡት ማጥባት በቫቲካን የተሰበሰቡ ሊቃውንትን ሲቀበሉ፣ ማጥባት ሕፃኑን ከበሽታ እንደሚጠብቅና እናትንና ልጅን በፍቅር እንደሚያስተሳስር ተናገሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በሲስቲና ጸሎት ቤት ሕፃናትን ሲያጠምቁ፣ የተራበ ልጅ ያላቸው እናቶች እዚያው ያለ ኃፍረት እንዲያጠቡ ጋበዙ።

የርኅራኄው መንገድም ቀንበር ሲሆን

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን ሌላውን ስሕተት ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። «እናት ልጅዋን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ካስለቀሰች ለዘለዓለም ትጎዳዋለች» የሚለው ትምህርትም ሰውን ይሰብራል። መንታ የወለደች፣ ታምማ የተኛች ወይም ለእንጀራ ስትል ልጅዋን ለሌላ ሰው ትታ የምትወጣ እናት ይህን ስትሰማ ራስዋን ትኰንናለች። በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲያለቅስ የሚመልሰው እናት ብቻ አይደለችም። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት አለ፤ አንዷ ገንፎ ታገንፋለች፤ ሌላዋ ልጁን ታዝላለች። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሄዱ ወገኖቻችን ግን አራስ ጠያቂ በሌለበት ቤት ይወልዳሉ፤ አባት ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። በጸሐፊው አስተያየት፣ የሰዓት ሕግ መጽሐፍ በብዛት የሚሸጠው እጅ በጎደለበት ቤት ነው። እንዲህ ያለችውን እናት መጽሐፉን ለምን አነበብሽ ብሎ ከመገሠጽ ይልቅ እጅ ማበደር ይሻላል።

የእኛም ልማድ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ሕፃንን አብዝተን ስለምናቅፍ ብቻ በደኅና አሳድገናል ብለን ልንመካ አንችልም፤ በአንዳንድ አካባቢ የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይደፋል፤ ለጨቅላውም ቅቤ ይሰጠዋል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ክትባቱ እንደሆነ ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል። በጥምቀት ዝግጅት ላይ አያቶችም እንዲገኙ ማድረግ ለዚህ ይጠቅማል፤ በብዙ ቤት የመጨረሻው ቃል የእነርሱ ነውና።

ለወላጆች በግልጽ ሊነገራቸው የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። የሕፃን ልቅሶ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ እየጨመረ ሄዶ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ጠግቦ፣ ደርቆ፣ ታቅፎም የሚያለቅስበት ሰዓት አለ። በዚያን ጊዜ ትዕግሥቱ ያለቀ ወላጅ ልጁን በደኅና ስፍራ በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ ቢወጣ ኃጢአት አይደለም፤ ሕፃንን መነቅነቅ ግን አንጎሉን ሊጎዳ፣ ሊገድለውም ይችላል። አባቶች በተለይ ይህን ይስሙ። ሌሊት ልጁን ተቀብሎ ማዘል፣ ጨርቁን መለወጥና ሚስቱን ማስተኛት ለወንድ ልጅ ውርደት አይሆንም።

ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ ደግሞ ጨዋ ሕፃን አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ከስድስት ጊዜ ያነሰ የሚሸና፣ ለመጥባት የማይነቃ፣ ወይም የሚያተኵሰው ጨቅላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። እናቲቱም ልጅዋ ተኝቶ እርስዋ እንቅልፍ ካጣች፣ ያለ ምክንያት የምታለቅስ ከሆነና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የእምነት ጉድለት ነው ብሎ መናገር አይገባም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። አራስ ለመጠየቅ የሚሄድ የቁምስናችን አገልጋይ ሕፃኑን ከማየቱ በፊት እናቲቱን «አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ መልስዋንም ሳይቸኵል ተቀምጦ ያዳምጥ።