ድኻ በፍርድ ቤት ፊት
(ስለ ነፃ የሕግ ርዳታ ጥቅም)

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ አባቶቻችን፥ ስለ ነፃ የሕግ ርዳታ ለመጻፍ ስነሣ በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም ማስረዳት ይገባኛል። ነፃ የሕግ ርዳታ ማለት ጠበቃ ለማቆም ወይም ማመልከቻ ለማስጻፍ አቅም ለሌለው ሰው፥ ሕግ ዐዋቂ ያለ ዋጋ ምክር ሲሰጠው፥ አቤቱታውን ሲጽፍለት፥ ሲያስፈልግም በዳኛ ፊት ቆሞ ሲከራከርለት ነው። ይህ ነገር ምጽዋት ይመስላል፤ ነገር ግን ምጽዋት አይደለም። ለምን እንዳልሆነ አንባቢ ከዚህ በታች ያገኘዋል።

ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገኝ እዚሁ መርጡለ ማርያም በሠፈራችን የደረሰ ነገር ነው። አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ከሦስት ልጆቻቸው ጋራ ይኖሩበት በነበረው ቤት ላይ፥ የባላቸው ወንድም «ቤቱ የአባቴ ነው፤ ሴትዮዋም የወንድሜ ሕጋዊ ሚስት አልነበረችም» ሲል ከሰሳቸው። በቀጠሮው ቀን ታመው ተኝተው ስለ ነበረ አልቀረቡም። ክርክሩም እርሳቸው በሌሉበት ታይቶ ቤቱን እንዲያስረክቡ ተፈረደባቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ ወረቀቱን እንዳነብላቸው እኔን አስጠሩኝ። አንብቤ ስጨርስ «ልጄ፥ እንግዲህ ከተፈረደ ምን ይደረጋል? እነዚህን ልጆች ይዤ ወዴት እገባለሁ?» አሉኝ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፥ ወረቀቱን ማንበብ እንጂ መልስ መስጠት አልቻልሁም። ያን ቀን በትምህርቴ አፈርሁ።

ማመልከቻ ለማስጻፍ የተጠየቁት ገንዘብ ለቤተ ሰቡ የወር ቀለብ የሚሆን ነበር። ኋላ ግን ችግረኞችን ያለ ዋጋ የሚረዱ አንድ የሕግ ባለሙያ መኖራቸውን ሰማንና አብሬያቸው ሄድሁ። ባለሙያው ወረቀቱን ተመልክተው አስቀድመው የጠየቁት ስለ ቤቱ አልነበረም፤ «እማማ፥ መፈረዱን ያወቁት በየትኛው ቀን ነው?» አሉ እንጂ። ይህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ታላቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 78 እንደሚያዝዘው፥ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ፥ «መጥሪያው በደንብ አልደረሰኝም» ወይም «በበቂ ምክንያት ቀርቻለሁ» ብሎ ሲያመለክትና ሲያስረዳ ፍርዱ ሊነሣለት ይችላል። ወሩ ካለፈ ግን ይህ በር ይዘጋል። እኒህ እናት ፍርዱን ካወቁ ሃያ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ ቤታቸው የተንጠለጠለው በቀሩት ጥቂት ቀኖች ላይ ነበር ማለት ነው።

ባለሙያው የታከሙበትን ወረቀት አያይዘው አቤቱታውን ጻፉ፤ ፍርዱም ተነሥቶ ክርክሩ እንደ ገና ተጀመረ። ከዚህ በኋላ የተነሡት ሦስት ነጥቦች ለሁላችን ትምህርት ስለሚሆኑ በተራ እጽፋቸዋለሁ።

1ኛ/ ጋብቻው በምን ይታወቃል? ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም ይችላል። የምስክር ወረቀት ባይኖርም እንኳ፥ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ እንደ ነበረና ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ያውቃቸው እንደ ነበረ በማስረዳት ጋብቻው ሊረጋገጥ ይችላል። በዚህ ጉዳይም ጎረቤቶች ቀርበው የሠርጉን ዘመን ሳይቀር መሰከሩ።

2ኛ/ ቤቱ የማን ነው? በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ሀብት፥ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፥ የባልና የሚስት የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል። «የግሌ ነው» ወይም «የእገሌ የግሉ ነበር» የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ቤቱ ከጋብቻው በኋላ መሠራቱን እንጨት ያቀረበውና ጭቃ ያቦካው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

3ኛ/ ወራሽ ማን ነው? በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የሟች ቀዳሚ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ልጆች እያሉ ወንድም ያለ ኑዛዜ አይወርስም።

በመጨረሻ ቤቱ የጋራ ሀብት መሆኑ ተረጋግጦ እኩሌታው ለእናትየዋ፥ እኩሌታው ለልጆቹ ተወሰነ። ልብ በሉ፤ ለእኒህ ሴት አዲስ ሕግ አልወጣላቸውም። ሕጉ ድሮም ከእርሳቸው ጋራ ነበረ፤ የጐደለው የሚናገርላቸው ሰው ብቻ ነበር። ርዳታው ምጽዋት አይደለም ያልሁትም ስለዚህ ነው። ምጽዋት የሰጪው ገንዘብ ነው፤ ይህ ግን የተቀባዩን የራሱን ገንዘብ ለባለቤቱ መመለስ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ «መንግሥት ጠበቃ አያቆምምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 በወንጀል የተከሰሰ ሰው አቅም ባይኖረውና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ያዝዛል። በአንቀጽ 37ም ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን የቤት፥ የመሬት፥ የፍቺና የልጅ ቀለብ ክርክር ወንጀል አይደለም፤ ስለዚህ የአንቀጽ 20 ጠበቃ ለእነዚህ አይደርስም። ቤቱን ሊያጣ የቀረበ ድኻ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። ክፍተቱን ለመሙላት ከተደረጉት ጥቂቱን እንመልከት።

በመጀመሪያ፥ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ራሱ ከቁጥር 467 ጀምሮ «በደኻ ደንብ» መክሰስን ይፈቅዳል። ይኸውም የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ያለውን ንብረት ዘርዝሮ ሲያመለክትና ፍርድ ቤቱ መርምሮ ሲፈቅድለት ሳይከፍል ይከሳል ማለት ነው። ሁለተኛ፥ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 57 በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙ ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያገለግሉ ታዝዞ ነበር። ሦስተኛ፥ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙ ሴቶች በፍቺ፥ በቀለብና በንብረት ክፍያ ጉዳይ ጥብቅና ቆሟል። አራተኛ፥ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች በየአካባቢያቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችን ከፍተዋል፤ በዚያም መምህራንና ተማሪዎች ባለጉዳይ ይረዳሉ።

ይህ ሥራ በቀላሉ የሚጐዳ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበሮች ከውጭ አገር የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ በመወሰኑ፥ የሴቶቹ ማኅበር አገልግሎቱን ለመቀነስ ተገድዶ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። ከሌላው ዓለም ብንመለከት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1949 ነፃ የሕግ ርዳታን በሕግ ደንግገው ወጪውን ከመንግሥት ገንዘብ እንዲከፈል አደረጉ። ከዚህ የምንማረው ርዳታው በበጎ ሰዎች ፈቃድ ላይ ብቻ ሲመሠረት በጎ ሰው ያልደረሰበት ወረዳ ባዶውን እንደሚቀር ነው።

«ሽማግሌ እያለ ጠበቃ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እርግጥ ነው፤ ሽምግልና ያገራችን ክብር ነው፤ ወጪን ይቀንሳል፤ ቂምን ያበርዳል። ሆኖም ሽማግሌዎቹ የከሳሽ ዘመዶች ቢሆኑ፥ ሴቲቱም መብትዋን የማታውቅ ብትሆን፥ ዕርቁ የጉልበተኛ ዕርቅ ይሆናል። መብቱን ዐውቆ የሚታረቅ ሰውና ሳያውቅ የሚታረቅ ሰው አንድ አይደሉም። ስለዚህ የሕግ ምክር የሽምግልና ጠላት ሳይሆን ረዳቱ ነው።

እንግዲህ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? ሕግ ዐዋቂ ሳንሆን ጠበቃ ነን ማለት አይገባንም፤ የተሳሳተ ምክር ካለመምከር የከፋ ነውና። ነገር ግን በቤታችንና በጎረቤታችን አራት ነገር ማድረግ እንችላለን።

1. መጥሪያ ወይም ውሳኔ ሲመጣ አንብበን የቀጠሮውን ቀን ማስረዳትና ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን በጀርባው ጽፎ ማኖር።
2. የቤት ኪራይ ደረሰኝ፥ ውል፥ የመሬት ይዞታ ደብተርና የልጆች የልደት ወረቀት በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ መምከር።
3. ያልተነበበ ወረቀት ላይ ማንም እንዳይፈርም ወይም ጣቱን እንዳያትም ማስጠንቀቅ።
4. ነፃ ርዳታ የት እንደሚገኝ ከወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፥ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤትና ከሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቀን ለችግረኛው መንገር፤ ይህንንም ሳይዘገዩ ማድረግ።

ባገራችን ሰው ተጣልቶ ሲያያዝ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እጁን ይሰበስባል። ይህ ቃል የሚያስፈራው ግን ከበስተኋላው የሚሰማ ዳኛ ሲኖር ነው፤ ዳኛም የሚሰማው የሚናገር ሲገኝ ነው። እኒያ እናት ዛሬም በዚያው ቤት ይኖራሉ። በፊታቸው ሳልፍ «ልጄ፥ ያን ቀን ባታነብልኝ ኖሮ» ይሉኛል። እኔ ግን ማንበቤ ብቻውን እንዳላዳናቸው ዐውቃለሁ። ያዳናቸው፥ ካነበብሁ በኋላ የማላውቀውን የሚያውቅ ሰው ዘንድ በጊዜው መሄዳችን ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ሕግ የሚማሩ ቢገኙ፥ ተመርቀው ሲወጡ የመጀመሪያዋን ባለጉዳያቸውን በዚህች ከተማ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ይዛ ቆማ እንደሚያገኟት አይርሱ እያልሁ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።