የዊል አላይመንት ወረቀት እንዴት ይነበባል?

የሙያ ትምህርት

በዛሬው የሙያ ትምህርታችን ስለ ዊል አላይመንት፣ ማለትም ስለ መኪና ጎማዎች አቀማመጥ ምርመራ እንነጋገራለን። ትምህርቱ ለሾፌሮችና ለመካኒኮች ብቻ የቀረበ አይደለም። እዚህ ካኩማ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ዕቃ የሚያስጭን፣ ከወንድምና ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥቶ መኪና የገዛ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአላይመንት መሣሪያ ያላቸው ጋራዦች የሚገኙት እንደ ኤልዶሬትና ናይሮቢ ባሉ ከተሞች ነው። ከካምፕ ለመውጣት ደግሞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም በፈለጉት ቀን አይገኝም። ስለዚህ ባለመኪናው ይቀራል፣ መኪናዋ ከሾፌር ጋር ትሄዳለች። ተመልሶ እጃችን የሚገባው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ማንበብ የማይችል ሰው ለተሠራውም ላልተሠራውም ሥራ እኩል ይከፍላል።

በእኛ የደረሰው

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። ይህን ዓምድ የምናዘጋጀው ሰዎች ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን በማኅበር የገዛናት አንዲት ፕሮቦክስ ነበረችን። አንድ ቀን ደረቁን የወንዝ መሻገሪያ፣ ላጋውን፣ ስታቋርጥ የግራ ፊት ጎማዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ መሪው ወደ ቀኝ ይስብ ጀመር። ገንዘብ አዋጥተን አላይመንት እንዲሠራላት ላክናት። ሾፌራችንም ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ስላየን ተሠርታለች ብለን አጥፈን አስቀመጥነው።

ሁለት አዲስ ጎማዎችም ገዝተን ከፊት አሰርን። ብዙ ሳይቆይ የግራው ጎማ የውስጥ ጠርዝ ተላጭቶ ሽቦው ወጣ። ጋራዡን ለመውቀስ ወረቀቱን ስናወጣው ግን ጉድለቱ እዚያው ላይ በቁጥር ተጽፎ አገኘነው። የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ ያላነበብነው እኛ ነን። ሰዎችን አሳፍራ ስትመላለስ የነበረች መኪና በመሆኗ ጎማው በጉዞ ላይ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ባልሆነ ነበር።

ሦስቱ ልኮች

ማንኛውም የአላይመንት ወረቀት በዋናነት ሦስት ልኮችን ይዟል።

1ኛ. ቶ። አንድ ሰው ሲቆም የእግሮቹ ጣቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሊዞሩ ይችላሉ። ጎማም እንዲሁ ነው። መኪናዋን ከላይ ሆናችሁ የምታዩ ቢሆን፣ የሁለቱ የፊት ጎማዎች የፊት ጫፎች ከኋላ ጫፎቻቸው ይልቅ ከተቀራረቡ «ቶ-ኢን»፣ ከተራራቁ «ቶ-አውት» ይባላል። በአብዛኛዎቹ ወረቀቶች ቶ-ኢን በመደመር (+)፣ ቶ-አውት በመቀነስ (−) ምልክት ይጻፋል። ከሦስቱ ልኮች ጎማን ፈጥኖ የሚበላው ቶ ነው። ጎማው ወደፊት እየተንከባለለ በዚያው ጊዜ ወደ ጎን ይጎተታልና።

2ኛ. ካምበር። ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩ የጎማው ራስ ወደ ውጭ ካጋደለ ካምበሩ መደመር፣ ወደ ውስጥ ካጋደለ መቀነስ ነው። ካምበር ከልክ ሲያልፍ የጎማውን አንድ ጠርዝ ብቻ ይበላል፤ መቀነሱ ሲበዛ የውስጡን፣ መደመሩ ሲበዛ የውጭውን። የግራና የቀኝ ካምበር ከተለያየ ደግሞ መኪናዋ መደመሩ ወደሚበልጠው ጎን ትስባለች።

3ኛ. ካስተር። የብስክሌትን የፊት ሹካ ከጎን ተመልከቱ። ሹካው ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ራሱ ወደ ኋላ ዘመም ብሏል። የመኪና ጎማ የሚዞርበት መስመርም እንደዚሁ ዘመም ይላል። ከተጠማዘዝን በኋላ መሪው በራሱ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ካስተር ብቻውን ጎማ እምብዛም አይበላም፤ ነገር ግን ግራና ቀኙ ከተለያየ መኪናዋ ካስተሩ ወደሚያንሰው ጎን ትስባለች።

መኪናዋን ከመላካችሁ በፊት

አላይመንት የተበላ ዕቃ አይጠግንም። ቴስቲናው ልል ከሆነ ዛሬ የተስተካከለው ልክ ነገ ጉድጓድ ሲመታ ይለወጣል። ስለሆነም አስቀድማችሁ እዚሁ የሚከተሉትን መርምሩ።

ሀ) የአራቱም ጎማዎች አየር መኪናዋ በምትጠይቀው መጠን ይሁን። የፊት ሁለቱ ጎማዎች በቁጥርም በዓይነትም አንድ ይሁኑ።

ለ) መኪናዋን በክሪክ አንሡና በጠንካራ ድጋፍ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር ከቶ አትግቡ። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተንቀጫቀጨ ቴስቲናውን መርምሩ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታውን ወይም ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ መርምሩ።

ሐ) ያልተሸከመ መዳፍ ብዙ ይናገራልና እጃችሁን በጎማው ጥርስ ላይ በስፋቱ ወዲያና ወዲህ አሻሹ። ሽቦው የወጣ ጎማ እጅ ስለሚቆርጥ ግን መጀመሪያ በዓይን ተመልከቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ምልክቱ የቶ ነው። አንዱ ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ ካለቀ ካምበርን ጠርጥሩ። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ አየር አንሷል፤ መካከሉ ካለቀ አየር በዝቷል።

መ) መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሩ። መሳቡም አብሮ ጎን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው እንጂ የአላይመንት አይደለም። አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ የቀስት ምልክት ያለባቸው ጎማዎች ግን በዚህ መንገድ አይቀያየሩም።

እዚህ ላይ በኢትዮጵያ መንዳት የተማራችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። መንገድ ውኃ እንዲያወርድ ተብሎ ከመካከሉ ወደ ዳርና ዳር ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራል። በኢትዮጵያ ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ ደህና መኪናም ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። በኬንያ የሚነዳው ግራ ይዞ ስለሆነ ዝንባሌው ወደ ግራ ነው። እዚህ ወደ ግራ ጥቂት የምታዘነብል መኪና ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። እንደ እኛዋ መኪና ዳገቱን ተቃውማ ወደ ቀኝ የምትስብ ከሆነ ግን በእርግጥ አንድ ጉድለት አለባት።

ወረቀቱን ስታነቡ

ሾፌራችሁ ሲሄድ ወረቀቱን ሳይቀበል እንዳይመለስ አደራ በሉት። ወረቀቱም ሦስት ነገሮችን መያዝ አለበት፦ ከሥራው በፊት የተለካውን፣ ፋብሪካው የፈቀደውን ወሰን፣ ከሥራው በኋላ የተለካውን። «ቢፎር» የሚለው በፊት፣ «አፍተር» የሚለው በኋላ ማለት ነው። የኋላው ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ምን እንደተለወጠ አያሳይም። በተጨማሪም በራሱ ላይ የተጻፈው የመኪና ዓይነት የእናንተው መሆኑን ተመልከቱ። የሌላ መኪና ወሰን ተመርጦ ከሆነ አረንጓዴውም ቀዩም ትርጉም የለውም።

ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪና በደቂቃ ይጻፋሉ። 1 ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። 0°30′ ማለት ግማሽ ዲግሪ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ግን በነጥብ ይጽፋል፤ በዚህ አጻጻፍ ግማሽ ዲግሪ 0.50 ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙዎችን ያሳስታል።

አሁን የእኛን ወረቀት አብረን እናንብብ።

ጠቅላላ የፊት ቶ፦ ወሰን ከ0°00′ እስከ +0°12′፤ በፊት +0°48′፤ በኋላ +0°06′።
የግራ ካምበር፦ ወሰን ከ−0°45′ እስከ +0°45′፤ በፊት −1°20′፤ በኋላ −1°20′።
የቀኝ ካምበር፦ ወሰኑ ያው፤ በፊት −0°05′፤ በኋላ −0°05′።
የግራ ካስተር +2°10′፣ የቀኝ ካስተር +2°20′፤ ሁለቱም በወሰን ውስጥ።

መጀመሪያ ቶን እንይ። በፊት 48 ደቂቃ ነበር፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጎማ 24 ደቂቃ ይደርሳል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 24 ደቂቃ የዞረ ጎማ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ሊሄድ እየታገለ ይጎተታል። ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ብቻ 840 ሜትር ያህል ወደ ጎን ተፋቀ ማለት ነው። ጋራዡ ይህን አስተካክሏል። እኛ ያየነው አረንጓዴም ይኸው ነበር።

ቀጥለን ካምበርን እንይ። የግራው በፊትም በኋላም −1°20′ ነው። ከወሰን ውጭ ነበር፤ ከወሰን ውጭ ቀረ። በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት 1°15′ ሲሆን፣ በብዙ መኪናዎች የሚፈቀደው ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። ከሁለቱ መደመሩ የሚበልጠው የቀኙ ስለሆነ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች። የግራው ጎማ ራስ ወደ ውስጥ ስላጋደለ የውስጥ ጠርዙ ያልቃል። መንገድ ላይ ያየነው ሁሉ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ነበር።

ምክንያቱ ምን ነበር? በብዙ ትንንሽ መኪናዎች በቡሎን የሚስተካከለው የፊት ቶ ብቻ ነው። ካምበር ከወሰን ከወጣ የጎበጠ ወይም የተበላ ዕቃ አለ ማለት ነው። እኛም ስንፈታ የግራው ሾክ አብዞርበር በድንጋዩ ግጭት ጎብጦ አገኘነው። እርሱ ተለውጦ መኪናዋ እንደገና ስትለካ ካምበሩ ወደ ወሰን ገባ፤ መሳቡም ቆመ። እንደ አንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ባሉ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መኪናዎችና በጭነት መኪናዎችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በተራ ሥራ የሚስተካከለው ቶ ሲሆን፣ ካምበሩ ከወጣ አክስሉ መጉበጡን ወይም የጎማው መዞሪያ ኩሽኔታ መበላቱን መርምሩ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ በፊትም በኋላም ያው ሆኖ ከወሰን ውጭ የቀረ ቁጥር ካያችሁ «ይህ ለምን አልተስተካከለም? የትኛው ዕቃ ነው የተበላሸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሾፌራችሁም ገና ከጋራዡ ሳይወጣ በስልክ ቁጥሮቹን ቢያነብላችሁ፣ ጥያቄውን በጊዜው ለማቅረብ ትችላላችሁ።

በሜትር ቶን መለካት

ከተማ መሄድ ባይቻል እንኳ ጠቅላላ ቶን እዚሁ በግምት ማወቅ ይቻላል። ቦታው ደልዳላ፣ የጎማው አየር የተስተካከለ፣ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን።

1. ከሁለቱ የፊት ጎማዎች በፊተኛው በኩል፣ በጎማው እምብርት ቁመት ልክ፣ በጥርሱ መካከል በጠመኔ ምልክት አድርጉ።
2. በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ጻፉ።
3. ምልክቶቹ በኋለኛው በኩል በዚያው ቁመት እስኪደርሱ መኪናዋን ወደፊት ግፉ። ወደ ኋላ አትመልሷት።
4. እንደገና ለኩ። የፊተኛው ካነሰ ቶ-ኢን፣ የኋለኛው ካነሰ ቶ-አውት ነው።

ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ሜትሩን ወጥራችሁ፣ ሦስት ጊዜ ለኩ። ቶውን የምታስተካክል መካኒክም የግራና የቀኙን ዘንግ እኩል አዙር። አንዱን ብቻ ካዞርክ መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ጠሞ ይቀራል። በመጨረሻም መቆለፊያ ዳዶዎቹን ማጥበቅ አትርሳ።

ይህ ልኬት ስለ ካምበርና ስለ ካስተር የሚነግረን የለም። የመኪናዋን መሣሪያ ምርመራም አይተካም። ነገር ግን አዲስ ጎማ ከማሰራችን በፊት ከባድ ጥፋት መኖሩን ያሳውቀናል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ወረቀቱ ላይ 0.30 ዲግሪ ተጽፏል። ስንት ደቂቃ ነው?
2. በሜትር ስትለኩ በፊተኛው በኩል 1,442፣ በኋለኛው በኩል 1,446 ሚሊ ሜትር አገኛችሁ። ይህ ምን ይባላል?
3. መኪናዋ ወደ የትም አትስብም፤ ነገር ግን ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። በቅድሚያ ምን ይመረመራል?

መልስ፦ 1) 18 ደቂቃ። 2) የ4 ሚሊ ሜትር ቶ-ኢን። 3) የጎማ ባላንስ፤ ባላንስና አላይመንት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የአላይመንት ወረቀት በቤታችሁ ያላችሁ ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡት። የወረቀቱ ቀን ቢያልፍም ያልተስተካከለ ቁጥር ካለበት ጥፋቱ አሁንም መኪናችሁ ላይ ነው።